ከእርቅ በኋላ ስለተሰረቀችው ዶሮ

ይድረስ ለተከበሩ የብርቅዬ የልጆች ቴሌቪዥን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም «ቀጮ ቀበሮ» የተባለውን የካርቱን ፊልም በሰላም እንዲያርፍ ላልፈቀዱለት ክቡራን ባልደረቦችዎ በሙሉ፤
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ፣ ልጆችዎስ፣ የሚሥሏቸው እንስሳትስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ዘንድሮ ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል፣ ከብቱም አልጎደለም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የቀጮን ያህል ግን አይሁን፣ ያን ያህል ዕድሜ ሰው ለወዳጁ አይመኝም።

እኔ ነኢማ ኑርሁሴን እባላለሁ። ከሚሴ ላይ ጨርቅ የምሸጥ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ቀጮ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እኔም ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው በአንድ ሐጂ ቤት ብቻ ስለነበር ጫማችንን በር ላይ ከምረን፣ እየተገፋፋን ገብተን፣ ያ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም ቀበሮ ከአሮጊቷ ጦጣ ቤት ዶሮ ሲሰርቅ እያየን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ወድጄው ነበር፤ ይህን የምነግርዎ ጥላቻ ይዟት ነው የጻፈችው እንዳይሉኝ ነው። ጥላቻው የመጣው ኋላ ነው፣ ያመጡትም እርስዎ ነዎት። ቅሬታዎቼን በቁጥር ማስቀመጤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ እንግዳ እንኳ ሲሰነብት ይሰለቻል። ባልደረቦችዎ ግን «ቀጮ በከተማ»ን አመጡልን፣ ቀጥለው «ቀጮ በጠፈር»ን፣ ቀጥለው «የቀጮ ልጆች»ን፣ ልጆቹ አልሸጥ ሲሉ ደግሞ «ቀጮ ሕፃን ሳለ»ን። በጠፈርም ዶሮ ሰረቀ፤ እዚያ ዶሮዋን ማን እንዳደረሳት የጠየቀ የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ ጣቢያዎ ውሃውን ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ በአዲስ ከረጢት አሽጎ ስለሸጠልን ለትጋታችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

ሁለተኛ፤ አሮጌውን ፊልም ቀለም ቀብታችሁ «ልጅነታችሁን መለስንላችሁ» የሚል ማስታወቂያ በምሳ ሰዓት፣ በእራት ሰዓት፣ ከዜና በፊትና ከዜና በኋላ ታሰማላችሁ። ክቡርነትዎ፣ ልጅነቴ የት ጠፍቶብኝ ነው የሚመልሱልኝ? እኔ ያለፈ ነገር ያልፋል ብዬ ሰጥቼው የመጣሁትን እርስዎ ከየት አንስተው ነው በብስኩት መጠቅለያ ላይ ለጥፈው የሚያስገዙኝ? ባለፈው ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወርጄ፣ ከቆላ ግመል ይዞ የመጣ ጎምቱ ነጋዴ የቀጮ ፊት ያለበት ካናቴራ ለብሶ ሲደራደር አየሁ። ሰውየውን አልነቅፈውም፣ ርካሽ ሆኖለት ነው። ያን አንድ ዓይኑን ጠቅሶ የሚስቅ ፊት ግን በሰው ደረት ላይ ሳየው ቋቅ አለኝ። ይህን በጨዋ ቃል ማለት ብችል ኖሮ ባልኩት ነበር።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሁለቱ ቅሬታዎች የመንገድ ስንቅ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ጣቢያዎ «ቀጮ ሊሰናበት ነው፤ ልጆች፣ መጨረሻውን እናንተ ሥሩት» ብሎ በመላ አገሪቱ ውድድር አወጀ። በከሚሴ የልጄ አስተማሪ ሱዓድ ጥሪውን እውነት ብላ ክፍሏን ሰበሰበች። ልጆቹም መከሩ። የሌላ አገር ልጅ ቀበሮውን በወጥመድ ይይዘው ይሆናል፤ የእኛዎቹ ግን ጥፋተኛ ምን እንደሚደረግ ከቤታቸው ያውቃሉና በአበጋር ፊት አስቀመጡት። አበጋር ማለት፣ አዲስ አበባ ላይ ሆነው ካልሰሙት፣ በእኛ አገር የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ደም ሳይቀር የሚያደርቅ አባት ነው። አጥፊ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ከቁርአን ፋቲሃ ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያን ነገር መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ያለቀ ነገር አለቀ ነው።

ሥዕሉን የሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ የእኔዋ ዓዲላና የአጎቷ ልጅ ጀሚል። እዚህ ላይ የቤቴን ገመና ልገልጥልዎ እገደዳለሁ። የዓዲላ አባት ዩሱፍና የጀሚል አባት ሙሀመድአሚን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጨፋ ላይ የሙሀመድአሚን በሬዎች የዩሱፍ ማሽላ ውስጥ አድረው ከተገኙ ወዲህ ወንድማማቾቹ ክፉ ቃል ተለዋውጠው ተኳረፉ፣ ልጆቹም በአንድ ዴስክ ተቀምጠው እንዳይነጋገሩ ታዘዙ። ያን ቀበሮ ሲሥሉ ግን እርሳስ መዋዋስ ነበረባቸው። ጀሚል ቀጮን አንገቱን ደፍቶ ሣለው፤ ዓዲላ ለአሮጊቷ ጦጣ በካሳ የተሰጠችውን ነጭ ዶሮ ሣለች። ከላይ «አራራ» ብለው ጻፉበት፤ በኦሮምኛ እርቅ ማለት ነው።

የእኛ ልጆች መጨረሻ አሸነፈ፤ ጣቢያዎም ሥዕላቸውን ሕይወት ዘርቶበት አሳየው። ለዚህ ብቻ፣ ያለ ምንም ሽሙጥ፣ አመሰግንዎታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አየው። ቀበሮው አንገቱን ሲደፋ ባሌ ዩሱፍ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም እንዳላየሁት ሆንኩ። በሳምንቱ ራሱ ተነስቶ ሼህ ኑርሁሴን ዘንድ ሄደ። አበጋራችን እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው ከአባቴ ስም ቢገጥምም አባቴ አይደሉም። ሙሀመድአሚንም አንዲት ጊደር ሊክስ ተስማማ፣ የሚቀመጡበትም ቀን ተቆረጠ።

አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጣቢያዎ «በሕዝብ ጥያቄ ቀጮ ተመለሰ!» አለን። የትኛው ሕዝብ እንደሆነ አልነገራችሁንም፤ እኛን የጠየቀ የለም። የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው በልጆቻችን ሥዕል ነው። ቀጮ ከእርቁ ምንጣፍ ላይ ብድግ ይላል፣ አንድ ዓይኑን ይጠቅሳል፣ ከጀርባውም ያችን ነጭ የካሳ ዶሮ ያወጣል። በአበጋሩ ፊት የሰጣትን፣ ፋቲሃ የተቀራባትን ዶሮ መልሶ ሰርቋታል! ከበስተጀርባ የሰዎች ሳቅ አስገብታችሁበታል። ማን እንደሳቀ ባውቀው ደስ ባለኝ።

ዓዲላ አልሳቀችም። አባቷን ዞር ብላ አየችውና «አባ፣ አጎቴም ጊደሯን ከሰጠን በኋላ መልሶ ይወስዳታል?» አለችው። ቤታችን ግን በዚያ ሰዓት እንግዳ ነበር፤ እንግዳም ጆሮ አለው፣ ከጆሮውም ቀጥሎ አፍ አለው። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ወሬው ሙሀመድአሚን ዘንድ ደረሰ፤ ሲደርስ ግን የልጅ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ዩሱፍ ወንድሙን «ቀበሮ» ብሎ የሰደበበት ንግግር ሆኗል። ሙሀመድአሚን «ወላሂ፣ የእናቴ ልጅ ቀበሮ ካለኝ ከቀበሮ ጋር ይታረቅ!» ብሎ ቀረ። የተቆረጠው ቀን አለፈ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠብቀው፣ ጠብቀው ተነሱ። ጀሚልም ዴስኩን ቀየረ።

አየሽ ወይ ይሉኝ ይሆናል፣ ሁለት ወንድማማቾች የተጣሉት በበሬ ነው እንጂ በካርቱን አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። እኛ መጣላቱን ያለ እርስዎ እርዳታ እንችልበታለን። ያልቻልነው ልጆቻችን በገዛ እጃቸው የሠሩትን እርቅ እርስዎ ዓይን ጠቅሰው ሲያፈርሱት ምን እንደምንላቸው ነው። አንድ ልጅ እርቅ የማታለያ ዘዴ ነው ብሎ ካደገ፣ ያን ልጅ ነገ የትኛው አበጋር ያስቀምጠዋል? ይህ ለእርስዎ ቀልድ ነው። ለእኛ አገር ነው። አስጠልቶኛል፣ አንገሽግሾኛል፤ የቀበሮው ፊት በመጣ ቁጥር ልጄ ዓይኔን ታያለች።

አራተኛ፤ የልጆቹን ስም አላወጣችሁም። በፊልሙ መጨረሻ ካናቴራውን ያተመው ነጋዴ ስም ሳይቀር ተጽፏል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ቀበሮውን ይተዉት። ዶሮዋን ለባለቤቷ ይመልሱ። አዲስ ነገር መፍጠር ቢያቅታችሁ አንፈርድባችሁም፣ መፍጠር ከባድ ነው፤ ያለቀን ነገር አለማንሳት ግን ቀላል ነው፣ የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነው። አላህ ልቦና ይስጣችሁ፣ ለጣቢያችሁም ከቀበሮ ሌላ እንስሳ ያሳያችሁ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚልቅ ድካም ጋር እሰናበታለሁ።

የእናንተው የቀድሞ ወዳጅ፣ ያለፈ ልጅነቷን በሰላም የሸኘች፣
ነኢማ ኑርሁሴን
ከሚሴ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ቅዳሜ ደረሰ። በእኛ አገር እርቅ ያፈረሰ ሰው አይደበደብም፣ አይሰደብም፤ እሳት አይጫርለትም፣ ሰላምታው አይመለስለትም፣ ደጅ ቢመጣ አይከፈትለትም። የሱዓድ ክፍል ልጆች ይህን ሼህ ኑርሁሴንን ጠይቀው አረጋገጡና በቀጮ ላይ ፈረዱበት። የቀጮ ሰዓት ሲደርስ በየቤታቸው ቴሌቪዥን አጠፉ። እኛም ቤት ዓዲላ አጠፋች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ጀሚል ነው፣ ከጠቡ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ማጥፋታችንን ሊያረጋግጥ ነው የመጣው። ዩሱፍም «የእናንተስ ጠፍቷል?» አለው። ልጁም አቀርቅሮ «አባቴ ዜና እጠብቃለሁ ብሎ እምቢ አለኝ» አለ። ዩሱፍ ጫማውን አደረገ፣ «ና፣ እኔ አጠፋዋለሁ» ብሎ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። መግሪብ ሲሆን ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ወደ መስጊድ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው። ስለዚህ በመጨረሻ ቀጮ ለአገራችን ጠቀመ፤ ደስታችንን አብራችሁ ታዩልን ዘንድ እንመኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እኛ ቤት እናንተን የሚከፍት የለም።