ሳቅን የሚጽፍ ቴሌቪዥን

አንቺ ቁጡዋ ጎረቤቴ፣ ጠፋሽ ብለሽ እንዳታኮርፊ፤ ዛሬ ያየሁትን ልንገርሽ። በእንግድነት የመጣሁባት የልጅ ልጄ መሥሪያ ቤቷ ወሰደችኝ። ሥራዋ ለቴሌቪዥን ትእዛዝ መጻፍ ነው። «ሰው ሲናገር ንግግሩ ከታች ተጽፎ ይውጣ፤ አረንጓዴዋ ቁልፍ ስትነካ ፊደሉ ይትለቅ» ብላ ጻፈች፤ በቃ። እንዴት እንደሚያደርገው አልነገረችውም። የኔ ሽማግሌ ጨው አቀብለኝ ሲባል «የት ነው? በምን ላምጣው?» ይላል፤ ይሄ ግን ትንፍሽ ሳይል አደረገው።

ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ድራማ ሲጀመር ተነስተሽ ደጅ መቀመጥሽ ታወሰኝና «የጎረቤቴ ቴሌቪዥን አሮጌ ነው፣ ይሄን መች ይገባዋል?» አልኳት። አንዲት ትንሽ ሳጥን አንስታ «እማማ፣ እቺ ሳጥን ውስጥ አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ። አንዴ የጻፍኩትን ለአሮጌውም ለአዲሱም በሚገባው ያስረዳል» ብላ፣ ያንቺን የመሰለ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን ላይ ሰካቻት። ተዋናይዋ ስትስቅ «ትስቃለች» ብሎ ጻፈው እኮ፣ ሳቋን።

የምናየው ድራማም ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲህ ሆኖ ይመጣል አለችኝ። እንግዲህ «ምን አሳቃችሁ?» ማለት ቀረልሽ፤ ከኛ እኩል ትስቂያለሽ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ላንቺ ብላ የሰጠችኝን ሳጥን ከልብሴ በፊት ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻታለሁ።