የባዶ መኪና ድምፅ

ጥቅምት 5

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። የአጎቴ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ዋልኩ። አንድ ስልክ ከፈትኩ፣ ስክሪን ቀየርኩ፣ ዘጋሁ። አጎቴ ምሳ ሊበላ ሲወጣ «ባለስልኳ ሴትዮ ከመጣች ነገ ይደርሳል በያት» አለኝ። ለሰው መናገር እንደሚያቅተኝ እያወቀ! ሴትዮዋ መጣች። ጠረጴዛው ስር ገብቼ የወደቀ ብሎን መፈለግ ጀመርኩ። የወደቀ ብሎን አልነበረም። እስክትሄድ ድረስ ፈለግኩት።

ጥቅምት 8

መኪና አለኝ!

ባለሪሞት የውድድር መኪና። ርዝመቱ ክንዴን ያህላል፣ ጎማዎቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ለአፈርና ለጉድጓድ የተሠራ። አንድ ደንበኛ ለጥገና ሰጥቶ በዚያው ቀረ፤ መኪናው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ዛሬ አጎቴ «ከቻልሽ ሥሪው፣ ካልቻልሽ ጣዪው» አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው። የሞላውን ዝላይ የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ግን ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰዋል። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ሞላ ብቻውን ይፈናጠራል።

እሁድ እሁድ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በእንደዚህ ዓይነት መኪና ይወዳደራሉ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ… በአጥሩ ቀዳዳ።

ጥቅምት 9

አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋው ላይ። ከባድ መኪናው ከነጭነቱ ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ከደጅ አልወጣም። ሐኪሙ ወገቡ ድኗል፣ በዱላ ይራመድ ብሏል። ዱላው ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ አባዬ ተኝቷል።

መኪናዬን ከጉልበቴ ቁመት ላይ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኩት። ተወዳዳሪዎቹ እንደዚያ ሲፈትሹ አይቼ ነው። ጧ… ጧ… ጧ።

«ምንድነው እሱ?» አለ አባዬ።

«መኪና።»

ደግሜ ለቀቅኩት። «አሞርዛተር የለውም» አለ።

መጋረጃው እኮ ዝግ ነው! እንዴት አወቀ?

ጥቅምት 13

ስንት ጊዜ አውራ ብለነው ያላወራ ዛሬ አወራ። ዘይት ስሞላ ከወዲያ ሆኖ ያዝዘኛል። «ፒስተኑን ቀስ እያረግሽ፣ አረፋው ይውጣ። አየር የገባበት አሞርዛተር ውሸታም ነው፤ ዛሬ አንድ ነገር ነግሮሽ ነገ ሌላ ይነግርሻል።» አጎቴ የሰጠኝ ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ሞላ አለ፦ ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ልል። ዘይቱም እንደዚያው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም። እየቀየርኩ እጥላለሁ፣ አባዬ ይፈርዳል።

«ሁለቴ ዘለለ። ዘይቱን አወፍሪው።»

«ከኋላ ቀድሞ አረፈ። የኋላ ሞላው ልል ነው።»

እማዬ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። «ቤቱን ልታፈርሱብኝ ነው?» አለች፤ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ብዙ ቆየች። የምትሰማው መኪናውን አልነበረም።

ጥቅምት 19

ድብ!

አንድ ጊዜ ብቻ። ወረደ፣ አረፈ፣ አለቀ። ጠንካራ ሞላ፣ ከሁሉም ወፍራሙ ዘይት።

«ይኸው! እንደ እህል ጆንያ ተቀመጠ» አለ አባዬ። አንድ ነገር ሲመታ ሰማሁ። አልጋውን ነው… በመዳፉ፣ በደስታ።

እሁድ ይዤው እሄዳለሁ። ፈርቻለሁ። ግን እሄዳለሁ።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ውድድሩን የሚያስጀምረው ሰውዬ ጺሞ ይባላል፣ ጺሙ ደረቱ ድረስ ነው። ደግ ሰው ይመስላል። «ስም?» አለኝ። አፌ እምቢ አለ። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና «እሺ፣ ዝምታ ብዬ ልጻፍሽ» አለ። ዛሬ ልምምድ ነው፤ ለሚመጣው እሁድ ውድድር መዘገበኝ። ጭንቅላቴ ነው እሺ ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

የሚነዳ ሰው ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ይቆማል። መውረድ አይፈቀድም። መኪናው ከተገለበጠ «ተገልብጧል!» ብሎ መጮህ ነው፤ ሜዳው ውስጥ የቆሙት ሮጠው ያነሱለታል።

መኪናዬ ትልቁን ጉብታ ዘሎ ሲያርፍ ኩራቴ! ድብ፣ ልክ እንደ ቤት። ከዚያ ትንንሽ ጉብታዎቹ ጋ ደረሰ፣ የተደረደሩት ጋ… እንደ ድስት ክዳን ተንቀጠቀጠና ክንብል። አንድ ቁምጣ የለበሰ ልጅ (ሁሉም ቁምጣው ነው የሚሉት) «እህት፣ መኪና ነው ጠረጴዛ? ሻይ እናስቀምጥበት?» አለ። ሳቁ።

«በያ ጩኺ!» ይለኛል ጺሞ። አልጮህኩም። መኪናዬ ጎማውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ልምምዱ እስኪያልቅ ተኛ።

ጥቅምት 24

ለአባዬ ነገርኩት። «ምን ዓይነት ድምፅ ነበር?» አለኝ። በአፌ ሞከርኩ፦ ትትትትት። «ይሄማ ስፌት መኪና ነው» አለ። ማታ ሜዳው ጋ ተመልሼ ድምፁን በስልክ ቀዳሁለት። ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ጆሮዬ ካልደረሰ አላውቅም የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ና ስማው።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምነው ባልተናገርኩ…

ጥቅምት 26

ዛሬ መጋረጃው ሳይከፈት እንዲህ አለ፦ «ያን ሁሉ አገር የነዳ ሰው በዱላ ሲንፏቀቅ ሰፈሩ ይየው ነው የምትዪው?»

ምን እላለሁ? እኔ ያልወደቀ ብሎን የምፈልግ ልጅ። ለካ አባዬም ጠረጴዛው ስር ነው ያለው።

ጥቅምት 28

ብቻዬን ሞከርኩ። የፊት ጎማዎቹን ቀየርኩ፣ ጎማውን የሚይዙትን ክንዶች ብሎን አጠበቅኩ። ሜዳው ላይ ባሰበት። ችግሩ ጎማ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፣ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ለካ ጺሙ ሸብቷል… ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ወደ ዱላው እያየሁ ተናገርኩ። ወደ እሱ እያየሁ ቢሆን አይወጣኝም።

«አባዬ፣ እኔም እፈራለሁ። ስሜን እንኳ አልነገርኳቸውም። አንተ እዚህ ብቻህን ከምትፈራ፣ እኔም እዚያ ብቻዬን ከምፈራ… አብረን ብንፈራስ?»

እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ጠዋት ስነሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ ነው። ሌላውን እኔ አሰርኩለት። እማዬ ጓዳ ገብታ አልወጣችም፤ ስታለቅስ እንዳናያት ነው። አጎቴ መኪና ይዞ ሊመጣ ነበር፣ አባዬ «በእግሬ» አለ። ሄድን። ግድግዳ ባገኘን ቁጥር ተደግፎ ያርፋል፣ እኔም የጫማዬን ክር የማስር እመስላለሁ።

ጸጉር አስተካካዩ ከሱቁ ብቅ አለ። «ኧረ ሹፌሩ! የት ገባህ ወንድሜ? ጸጉርህ እኮ ጎፈሬ ሆነ!»

አባዬ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ወዳንተ እንዳልመጣ ብዬ ነው የተደበቅኩት፣ ባለፈው ጆሮዬን ቆርጠኸኝ» አለ። ተሳሳቁ። ይኸው ነው። ሰፈሩ ያለው ይኸው ብቻ ነው!

ጺሞ ትንንሾቹ ጉብታዎች ጋ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠው። «እዚህ ከተቀመጡ አይቀር ጋሼ፣ የተገለበጠ ያነሱልናል» አለው። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዬን ነዳሁት። ትትትትት። እጁን አነሳ፣ ቆምኩ።

«ስንት ጭነሽበት ነው የምትነጂው?»

«ምኑን? ባዶ ነው።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ደነገጥኩ፣ ያመመው መስሎኝ። ለካ ሳቅ ነው! ወገቡን ይዞ እየሳቀ፣ «እኔ ሠላሳ ቶን የጫነ መኪና ነው የሠራሁልሽ! ዕድሜ ልኬን የጫነ ስሰማ ኖሬ… የጫነ ነው እንደ ጆንያ የሚቀመጠው። ባዶውን እኮ ቀፍድደን ይዘነዋል! ካንዱ ጉብታ ሳይነሳ ሌላው ይደርስበታል» አለ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይነሳ። ቀጭን ዘይት፣ ልል ሞላ። ትንሽ ቢዘልም ይዝለል።»

የሞላና የዘይት ሳጥኑን ከፈትኩና ጉልበቱ ላይ ፈታታነው። እኔ ዘይት ሳፈስ እሱ አሞርዛተሩን ይይዛል። ቁምጣው መጥቶ አየንና «ጋሼ፣ የኔንም ትሰሙልኛላችሁ?» አለ። አባዬ «አንተ መጀመሪያ ሱሪ ግዛ» አለው።

ውድድሩ ተጀመረ። መኪናዬ ጉብታዎቹን እያንዳንዳቸውን እየረገጠ አለፈ፣ ወረደ ተነሳ፣ ወረደ ተነሳ… አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛ ነበርኩ! ከዚያ የቁምጣው መኪና ከጎን መታኝ። ተገለበጠ፣ ጉብታዎቹ መካከል።

አባዬ አላየም። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው፣ እየሰማ ነው። በሌሎቹ ሞተሮች ጩኸት ውስጥ የኔ ዝም ማለት አልተሰማውም። ሰው ሁሉ ያየኛል። ይህን ቃል እሱ ፊት እንዴት እላለሁ? ከአደጋው ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም አይለውም።

«ተገልብጧል!»

የኔ ድምፅ ነው? በጣም ትልቅ ነበር። «አባዬ! ተገልብጧል! አንሳልኝ!»

ዓይኑን ገለጠ። በዱላው ተመርኩዞ ተነሳ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ጎንበስ ማለት ለወገቡ ከባድ ነው። ዱላውን መኪናው ስር አስገብቶ ገለበጠው፣ በአራት ጎማው አቆመው። ከዚያ ወደ መድረኩ ቀና ብሎ «ንጂ!» አለኝ።

ነዳሁ። ስድስተኛ ወጣሁ። ጺሞ መዝገቡን ይዞ መጣና «ዝምታ የሚለው ይሰረዝ እንዴ?» አለ።

ስሜን ነገርኩት።

ኅዳር 4

ያቺ ሴትዮ ዛሬ ሌላ ስልክ ይዛ መጣች። «ነገ ይደርሳል» አልኳት። አጎቴ የያዘው ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ።

ቤት ገብቼ የፊት ዘይቱን ቀየርኩና እንደልማዴ መኪናውን ከጉልበቴ ቁመት ላይ ለቀቅኩት። ፍርዱን ጠበቅኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ምንም የለም። እንደገና ጣልኩት። ምንም። ተኝቶ ይሆን? ታሞ ይሆን? ሮጬ ገለጥኩት።

አልጋው ተነጥፏል። ዱላው ግድግዳው ጋ የለም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጸጉር ቤቱ፣ የአባዬ ሳቅ ይሰማል።

ተመልሼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አንዴ ጣልኩት።

ሁለቴ ዘለለ። ጥሩ ነው። ባዶ መኪና ነው።