ሳልሰካ የተውኳት ቁራጭ

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት አፈወርቅ
የአስታ ሜዳ ቅዱስ ሩፋኤል ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ በስልክ ሥዕል መገጣጠም እንድንተው ለሰጡን ምክር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጉልበትዎ እንዳይደክም፣ ዓይንዎ እንዳይፈዝ፣ ያች በዓውደ ምሕረቱ ሁላችን የምናውቃት ከዘራዎም ከእጅዎ እንዳትለይ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ከእግሬ ስብራት በቀር ደህና ነኝ፤ ጥርጣሬዬማ ከእኔም ይልቅ ጤነኛ ነው፣ ለመልአኩ ምስጋና ይድረሰውና።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን፣ በተለይም እኛ ሴቶች፣ ፐዝል የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ዛሬውኑ እንድናጠፋ፣ ልቡና የሚበታትን የሰይጣን መጫወቻ መሆኑንም በአባታዊ ቁጣ ስለነገሩን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ አንድን ሥዕል ቆራርጦ ይበትነዋል፤ ሰውም ቁራጮቹን በጣቱ እየጎተተ መልሶ ይገጣጥማል። ከሞላሌ ገበያ ስመለስ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ከተሰበረ ወዲህ፣ ልጄ ብሌን ተቀምጬ እንዳልተክዝ ብላ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እርስዎ እንዳሉት ልቤ ይበታተን እንደሆነ ጠበቅሁ፤ እስካሁን ግን የተበተነውን ስሰበስብ ነው የከረምኩት።

፩ኛ. አስቀድሜ ከክቡርነትዎ ጋር የምስማማበትን ላንሣ፤ ጨዋታውን እኔም አላምነውም። የሌለበት ሥዕል የለም፦ በቅርጫት የተኛ ድመት፣ ክሬም የተቀባ ኬክ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጀልባ፣ በቀቀን፣ ዙሪያውን አበባ የወረሰው ቤት። ቤቶቹን እየገጣጠምኩ ጨረስኳቸው፤ በአንዱም ደጃፍ ላይ ሰው የለም። ታዲያ ያን ሁሉ አበባ ማን ነው የሚያጠጣው? ድመቶቹስ ምነው ሁሉም እንዲህ ጸዱ? አይጥ የሚይዝ ድመት እኮ ጢሙ ላይ አቧራ አያጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ተረቱ፣ እያንዳንዱን ሥዕል እንደ ተከሳሽ እየመረመርኩ ነው የምገጥመው።

፪ኛ. ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጎረምሶቹ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈው በስልካቸው በኳስ ሲወራረዱ በአጠገባቸው ሰላምታ ሰጥተው የሚያልፉ እርስዎ፣ የእኛን የድመት ሥዕል ለይተው ማውገዝዎ ምን ቢያስቀይምዎት ነው? ጨዋታው ሰው የራሱን ፎቶ አስገብቶ፣ ቆራርጦ፣ ለወዳጁ እንዲልክ ያስችላል። ዓለም ከተማ የተዳረችው ልጅዎ መሲም ለጓደኞቿ እንዲህ ያለ አንድ ሥዕል ልካ ነበር፤ የእርስዎ ውግዘት የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መገጣጠም የእኔ ሥራ አይደለም፣ ራሱ የገጠመ ነው።

፫ኛ. ስለ ምንጣፋችን። ብሌን የበኩር ልጇን ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት፣ በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ መኪናው መንገድ ስንወርድ፣ ሩፋኤልን ጠራሁት። ፈታሔ ማኅፀን እሱ አይደል! ልጄን በሰላም ከገላገልክልኝ የበግ ጠጉር ምንጣፍ አስገባለሁ፣ በጳጉሜን በዓልህ ከመቅደስህ ፊት ይነጠፋል ብዬ ተሳልኩ። ተገላገለች። ጠጉሩን ባዝቼ እኔ ፈተልኩት፤ ባለቤቴ ደመላሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸመነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልሸመነም። ዙሪያውን ጥቁር ጥለት ነበረው፤ ዳሩ ግን ጥቁሯን በጌን ጅብ በላብኝና አንደኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ጠጉሩ አለቀ፣ ማዕዘኑንም በዳለቻ፣ በግራጫው ጠጉር፣ ጨረስነው። ደመላሽ ይህ ነውር ሆኖበት ሲብሰለሰል፣ ተው እንጂ፣ ሩፋኤል ጅቡንም ያውቀዋል ብዬ አጽናናሁት። በእልልታ ስናስገባ የተቀበሉን እርስዎ ነበሩ፤ ልጆች በጫማ እንዳይረግጡት ከዘራዎን እየወዘወዙ የገሠጹትም እርስዎ ነበሩ። እግዜር ይስጥዎ፣ ያን ዕለት ጠባቂ አገኘ ብዬ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት።

፬ኛ. አምና በጳጉሜን በዓል ምንጣፉ አልተነጠፈም። ብጠይቅዎ ለእጥበት ወጥቷል አሉኝ። የመንዝ ሴት ሆኜ የጠጉር ምንጣፍ በክረምት ታጥቦ እንደሚደርቅ አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ ባለ ውለታዬ ነዎት። በጥምቀት ሰሞን ብጠይቅዎ አይጥ እንዳይበላው ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል አሉኝ፤ በፋሲካ ደግሞ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ። ቁልፉ ግን የጠፋው ከእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ቄሰ ገበዙ አባ አትናቴዎስ በዚያው ሰሞን ከዕቃ ቤት ጥላ ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸውን ብጠይቃቸው፣ ምስኪን፣ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት አዩ።

፭ኛ. አሁን ወደ መሲ ሥዕል ልምጣ። መሲ የአዲሱን ቤቷን ሳሎን ፎቶ በጨዋታው ቆራርጣ ለብሌን ላከችላት፤ ብሌንም፣ ምን እንዳለበት ሳታየው፣ እስኪ ድመት ሰልችቶሽ ከሆነ ብላ ለእኔ አሳለፈችው። ሁልጊዜ ከማዕዘን ጀምሪ ብላ ስላስተማረችኝ ከማዕዘን ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥቁር ጥለት መጣ። ቀጥሎ፣ ጥለቱ ሊታጠፍ ሲል፣ ዳለቻ ሆነ። እግዚኦ! ደመላሽን ደጃፍ ላይ ቆሞ ያየሁት ያህል ደስ አለኝና አለቀስኩ፤ ቀጥሎ የት እንዳየሁት ትዝ አለኝና ተቃጠልኩ። መተው ነበረብኝ፤ አልተውኩም። ምንጣፉ ላይ የወንድ ጫማ ገጠመ፣ ያውም ከነጭቃው። ከሶፋው ጎን የተደገፈች ከዘራ ገጠመች። በመጨረሻ የቀረችኝ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ፊት ያለባት አንዲት ቁራጭ ነበረች። እኔ ለሰው ክብር የምሳሳ ሴት ነኝና ቁራጯን ወደ አበባ ማስቀመጫው ወሰድኳት፤ እምቢ አለች። ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰድኳት፤ እምቢ። ከመጋረጃው ጀርባ ልሸሽጋት ሞከርኩ፤ እምቢ። ይህ ጨዋታ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። ስለዚህ ሳልሰካ ተውኳት፤ አሁንም ከሥዕሉ ዳር ተቀምጣ ታየኛለች።

፮ኛ. ይቅር። አምስቱ ይበቃል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም። አንድ ማዕዘናቸው ዳለቻ የሆነ ሁለት ምንጣፎች በዚህ አገር ይኖሩ ይሆናል፤ ጅብ የሌላም ሸማኔ ጥቁር በግ በልቶ ይሆናል። የምለምንዎ ዕቃ ቤቱ በምእመናን ፊት እንዲከፈትና ምንጣፉ ለዘንድሮው ጳጉሜን እንዲነጠፍ ብቻ ነው። ብሌን ሁለተኛ ልጇን ይዛለች፤ መውለጃዋም በዚያው ሰሞን ነው። ያን ጊዜ በዝናብ መሐል መልአኩን የጠራሁት ቃል ገብቼ ነው። ዘንድሮ ደጁ ቆሜ ልጄን አደራ ስለው፣ ያ ስለትሽስ የት አለ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? ለእጥበት ወጥቷል ልበለው? ለእርስዎ የቀለለዎት መልስ ለእኔ ከአፌ አይወጣም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ፤ እንቅልፍ ካጣሁም ሰነበትኩ።

ልጅዎ መሲም ነፍሰ ጡር መሆኗን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ በእኔ ቤትም ከብሌን ጋር አንድ ላይ ያደገች ልጅ ናት። እሷ ምንም እንደማታውቅ እመሰክራለሁ፤ ሙሽራ ስጦታ ሲመጣላት ከየት መጣ ብላ አትጠይቅም። እሷም ጭንቋ ሲደርስ ሩፋኤል ሆይ ማለቷ አይቀርም። በመልአኩ ምንጣፍ ላይ ቆማ እንዳትጠራው፣ አባት ነዎትና፣ ቀኗ ሳይደርስ ከእግሯ ሥር ያንሡላት። ለብሌን የለመንኩትን ለእሷም እየለመንኩ ነው።

ዕድሜዎን እንደ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ አይሰውርብን፣ ሥልጣንዎንም እንደ ምንጣፋችን በክብር ያስቀምጥልን እያልኩ፣ ደጅዎን የምጠና ታናሽ እኅትዎ ነኝ፤

በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቴ በማያንስ ጥርጣሬ፣
ይዘንጋሽ ኪዳነ ወልድ
የሸማኔው የደመላሽ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለቄሰ ገበዝ አባ አትናቴዎስ፣ አንገታቸውን ቀና እንዲያደርጉ
ለቅዱስ ሩፋኤል፣ ቢያውቀውም እንዲያውቀው

የተረሳ፦ ጨዋታውን ከስልኬ እንዳጠፋ የሰጡትን ትእዛዝ በደስታ ተቀብያለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ግን የመሲ ሥዕል እንዳይባክን ብዬ ለጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አዳርሼዋለሁ። አብዛኞቹ ገና ከሶፋው እግር ጋር እየታገሉ ነው። ምንጣፉ እስከ እሑድ ከተመለሰ ሥዕሉን እንዲያጠፉት ራሴ እለምናቸዋለሁ። ቢፈጥኑ ግን መልካም ነው፤ እኅቴ አስካለ ማርያም አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀርታታለች፣ እሷ ደግሞ እንደ እኔ ይሉኝታ አታውቅም።