መርከብ ያስቆሙት እናታችን

የሥራ ባልደረቦቻቸው “እትዬ ይቁም” የሚሏቸው እናታችን ከመርከብ ገመድ አሳሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት አንድ ክፍል ቤት ከወደቡ የገመድ መጋዘን ጀርባ ነበረች። መርከብ ጡሩንባዋን በነፋች ቁጥር የመስኮቱ መስታወት እንደሚርገበገብ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ትምህርታቸውን በ1964 ዓ.ም. አጠናቀው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲገቡ በመካኒክ ክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። በልካቸው የተሰፋ የሥራ ልብስ ስላልተገኘ እናታቸው የአባታቸውን ቱታ አጥብበው ሰጧቸው። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ወር በነዳጅና ጋዝ ማራገፊያ ወደብ በጋን ለኪነት ተቀጠሩ። ሥራቸው መርከብ በምታራግፍበት ጊዜ በየሰዓቱ የማጠራቀሚያው ጋን አናት ላይ ወጥተው፣ ነዳጁ የደረሰበትን ከፍታ በሜትር ለክተው መመዝገብ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል በዚህ የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ዘልለነው ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ስናነብላቸው አስቆሙንና፣ “የናፍጣውን የት አደረስከው?” አሉ። “እማዬ፣ ሰው ይሰማል” ብንላቸው፣ “ይስማ እንጂ! የሚነበበው ለሰው አይደል?” አሉን። ስለዚህ እንደሚከተለው እናነባለን።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ እናታችን ጋኑ ላይ ሳይወጡ ቀሩ። ያለፈውን ሰዓት ቁጥር አይተው ቀጣዩን በግምት ጻፉ። ናፍጣው ሞልቶ ፈሰሰ። በጋኑ ዙሪያ የታነጸው ግንብ ስላገደው ባሕር ሳይገባ፣ ሰውም ሳይጎዳ ቀረ። አጣሪዎቹ ጥፋቱን የጋኑን መለኪያ በዚያው ሳምንት በጠገነው መካኒክ ላይ ጥለው ከሥራ ሊያሰናብቱት ተሰበሰቡ። እናታችንን የጠረጠረ ማንም አልነበረም። እሳቸው ግን በር አንኳኩተው ገቡና፣ “መለኪያው አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያልወጣሁት። ፀሐይ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም” አሉ። ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ሁለት ዓመት ሙሉ ከባዱን የነዳጅ ቱቦ ሲጎትቱ ኖሩ።

ያ መካኒክ አባታችን ናቸው። በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ። አባታችን በ2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ “ያዳነችኝ ለራሷ አስባ ነው” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እናታችንም፣ “መለኪያ መጠገን ስለሚችል ነው እንጂ መልኩንማ አይቼው ነበር” ብለው ይመልሱ ነበር። ሦስት ልጆችንም አፈሩ።

እናታችን በ1979 ዓ.ም. የመጫንና የማራገፍ ፈረቃ ኃላፊ ሆኑ። መርከብ ታስራ ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት መሰላሉን ወጥተው ከመርከቧ መኮንን ጋር ይቀመጡና የጥንቃቄ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነቡ ነበር፤ ሬዲዮው ይሰማል ወይ፣ የቱቦው ማያያዣ ጠብቋል ወይ፣ አደጋ ቢመጣ “ይቁም” የሚለው ማነው፣ ፓምፑን የሚዘጋውስ ማነው እያሉ። የሚመላለሱ መኮንኖች፣ “ባለፈው ሳምንት ተነጋግረን ፈርመናል እኮ” ሲሏቸው፣ “ያለፈው ሳምንት አልፏል፤ አንድ ብለን እንጀምር” ይሉ ነበር። ቤትም ያው ናቸው። ሱቅ ስንላክ፣ “ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ተቀብያለሁ” ሳንል ከበር አንወጣም ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንዲት የጋዝ መርከብ ስታራግፍ፣ መርከቧ ሰጠሁ የምትለውና የብስ ላይ የደረሰው መጠን ተለያየ። ልዩነቱ ጥቂት ነበር። እናታችን በሬዲዮ “ይቁም!” አሉ። ሥራ አስኪያጁ ደውለው፣ “ምን አግኝተሽ ነው?” ቢሏቸው፣ “ምንም አላገኘሁም። ቁጥሩ አልተስማማኝም” አሉ። ሠራተኛው የሳሙና ውኃና ብሩሽ ይዞ መስመሩን መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ሦስት ሰዓት ፈተሸ። ጋዝ ማፈትለኩን የሚያሳይ አንድም አረፋ አልተነሳም። የተሳሳተው የመርከቧ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ለእናታችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ “እትዬ ይቁም” የሚለውም ስም በፌዝ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በሌላ የጋዝ መርከብ፣ ቁጥሩ እንደገና ተለያየ። እናታችን ለአባታችን እንደነገሯቸው፣ በዚያች ደቂቃ ደብዳቤው ትዝ አላቸው፤ ሦስት ልጆቻቸውም ትዝ አሏቸው። ቢሆንም “ይቁም!” አሉ። በዚህኛው ጊዜ መርከቧ በታሰረችበት ድልድይ ሥር ባለ አንድ መገጣጠሚያ ላይ የሳሙናው ውኃ እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቀው፣ ሁለት ቀለም ቀቢዎች በሞተር ጀልባ ላይ ሆነው ምሰሶ ይቀቡ ነበር። የጀልባዋን ሞተር ሊያስነሱ ሲሉ ነው “እንዳትነኩ!” ተብለው በመቅዘፊያ የወጡት።

ሥራ አስኪያጁ በእግራቸው ድልድዩ ድረስ መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ “ያንን ደብዳቤ መልሽልኝ፤ ልቅደደው” አሏቸው። እናታችን፣ “ይቆይ ግድ የለም። ያን ጊዜም ልክ ነበርኩ” ብለው መለሱ።

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ መርከብ አስቁመዋል። ከአሥራ አንዱ በዘጠኙ ሲፈተሽ ምንም አልተገኘም። እንግዳ ስለ ጋዙ ሲጠይቃቸው እሳቸው የሚያወሩት ስለ ዘጠኙ ነበር። ማንም ሠራተኛ፣ አዲስም ቢሆን፣ አጉል ሆኜ እቀራለሁ ብሎ ሳይፈራ “ይቁም” ማለት የጀመረው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ነው ይሉ ነበር።

እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም አሥራ አራት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ታናሽ ወንድም ትተዋል።

የፈረቃ ኃላፊ በነበሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ከእሳቸው ፈረቃ በቃሬዛ የወጣ ሰው የለም። ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክመው ያመጡት ስምንቱ አረጋውያን የዚያ ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም በየቀኑ በእግራቸው ወደየቤታቸው ገብተዋል።

ብዙዎችን በሰላም ወደ ቤታቸው የሸኙትን እናታችንን፣ ፈጣሪ በሰላም ወደ ቤቱ ያስገባልን።

ታላቅ ልጃቸው