አራት ፎቅ የሚወጣ ጉልበት

ይድረስ ለእትዬ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ደም ብዛቱስ ጋብ አለልዎት? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አዲስ ነው። አይደንግጡ፣ ቀኙን ከቀየሩልኝ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልስ ነገር እንደ አሮጌ ገበር ተበልቶ አልቆ ነበር። የደበቅኩት ያው እንደሚያውቁኝ ነው፤ ልብስ ሰፊ ጉልበቱ ከዳው ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ።

ቀዶ ጥገናውስ ተኝቼ አለቀ። መከራው ስፖርቱ ነው። ተረከዝን አልጋው ላይ እየጎተቱ ማጠፍ፣ ጉልበትን ወደ ፍራሹ ተጭኖ እስከ አምስት መቁጠር፣ ደግሞ እንደገና። ባለቤቴ አዝናልኝ ከጉልበቴ ሥር ትራስ ታደርግልኝ ነበር፤ እኔም ተመችቶኝ እተኛለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እግሬ አልዘረጋም አለ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ሴትዮ የትራሱን ነገር ስትሰማ፣ ጉልበት እንደ ሱሪ ጫፍ ታጥፎ የሚሰፋ መሰለዎት ወይ ብላ ተቆጣችኝ። እንደታጠፈ ከደረቀ ደረጃ የሚባል ነገር ይርሱት አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ትራሱን ወረወርኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ ልንገርዎት። ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ያልደረስኩት በሥራ ምክንያት አልነበረም። መጥቻለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ የእርስዎን ልቅሶ እየሰማሁ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆየሁና ተመለስኩ። በስልክ ደግሞ የሙሽራ ልብስ አንቆኝ ነው አልኩዎት። ወንድሜ ከሙሽራ ልብስ አሳነሰኝ ማለትዎን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ባያነሱ አልፈርድብዎትም። አንካሳ እንዳልባል አፍሬ ነው እንጂ በደረቴም ተስቤ መውጣት ነበረብኝ።

ሴትዮዋ ሲሻልዎት ምን ማድረግ ይፈልጋሉ ስትለኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ እህቴ ቤት መውጣት አልኳት። ገበያ፣ መናፈሻ የሚል ለምዳ ኖሮ ሳቀች። ቢሆንም ጤነኛውን እግር እያስቀደምኩ፣ ብረቱን ይዤ፣ ትናንት የሐኪም ቤቱን አራት ፎቅ ወጣሁላት። ያወረደችኝ ግን በሊፍት ነው። መውረድ ከመውጣት ይከፋል፣ እሱ ለሚመጣው ወር ይቆየን ብላለች።

እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም። እሑድ ጠዋት በርዎን አንኳኳለሁ። ባይከፍቱልኝም መሄጃ የለኝም፤ መውረድ አልችልማ።

የሟችን ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጥፋተኛው ታናሽ ወንድምዎ