የፊት ቀኙ ጎማ

ሰኞ

መኪናዬ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ ዛሬም ተናገረች። መኪናዋን ገና ሳስነሳ፣ ቀበቶዬን እንኳ ሳላስር፣ በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምጿ አንድ ነገር በቻይንኛ አለችና ዝም። ወዲያው ቢጫዋ የጎማ መብራት በራች። ስክሪኑ ላይ የመኪና ሥዕል አለ፤ በየጎማው አጠገብ የአየሩ ልክ በቁጥር ይታያል። የኋላ ግራው ቀይ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልኩ ብዬ ጉራዬን የነፋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጨቅጫቃ ገዛሁ።

ሙራድ ጋ ሄድኩ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ጎሚስታ። ከሁለት ሳምንት በፊት እኩል እንዲያልቁ ብሎ ጎማዎቹን አዘዋውሮልኛል፣ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት፣ ግራና ቀኙንም አቆላልፎ። የኋላ ግራውን ለካና «ሙሉ ነው» አለኝ። ስክሪኑ ቀይ ነው አልኩት። «እኔ ጎማ ነው የምነፋው፣ ስክሪን አልነፋም» አለ። ቢሆንም ጨምርበት አልኩት፣ ጨመረ። መብራቱ አልጠፋም።

ስመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከዘራቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሩ። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ልማዳቸው ነው፣ ጎማ በዱላ መትቶ ማዳመጥ። ሙሉ ጎማ ይጮኻል፣ የጎደለው ይታፈናል ይላሉ። ሦስቱን መትተው አለፉ። የፊት ቀኙ ላይ ቆዩ።

«ይሄ ታሟል» አሉ።

  ጀማልን የገደለውም የፊት ቀኝ ጎማ ነው።

ማክሰኞ

ጀማል ወንድሜ ነው። ነበር። ከአባባ ጋር ከአዋሽ ሲመለሱ ጎማው ፈነዳ፣ መኪናው በሱ በኩል ተገለበጠ። አባባ አንድ ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም፣ ስለዚያ ቀንም አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ይረሳሉ። አንዳንዴ ምሳ ላይ ጎርሰው ሳይጨርሱ «ጀማል ገባ?» ይሉኛል። ምን ይባላል? ውሃ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ።

ዛሬ አንድ ነገር ቀናኝ። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የማመላልሳቸው አራት ደንበኞች አሉኝ። አንዷ፣ ሄለን፣ እዚያው የቻይንኛ አስተርጓሚ ናት። ሴትዮዋን አዳመጠቻት።

«የኋላ ግራ ጎማ አየር ቀንሷል፣ እባክዎ ይፈትሹ ነው የምትለው።»

«እባክዎ ትላለች?»

«ኧረ በጣም ጨዋ ናት!»

ሳቅን። ከሰዓት ሙራድ ጋ ተመለስኩ። የኋላ ግራው ላይ የሳሙና ውሃ አፈሰሰበት፣ አንዲት አረፋ የለም። «እህቴ፣ ይሄ ጎማ ካንቺ ይሻላል» አለኝ። አሁንም ጨምር አልኩት። እየተነጫነጨ ጨመረ።

አባባ በር ላይ። ከዘራ። «የፊት ቀኙ።»

ረቡዕ

ሊነጋ ሲል የቀሰቀሰኝ ከዘራው ነው። ኳ። ኳ። ኳ። ከዚያ አንድ ድፍን ያለ ድምፅ፣ ትራስ የተመታ የሚመስል። በመስኮት አየኋቸው። በርከክ ብለው እጃቸውን የፊት ቀኙ ላይ ጭነዋል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከጀማል ጋር ነው የሚያወሩት አልኩ። ወላሂ ፈራሁ። የገዛ አባቴን ፈርቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ቁርስ ላይ የስክሪኑን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። የፊት ቀኙ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። እንዲያውም ከሰኞ ወዲህ ጨምሯል!

«አዩ አባባ? የፊት ቀኙማ የጠገበው ነው።»

ስልኩን ዘወር ብለው አላዩትም። «እኔ ሰምቼዋለሁ» አሉ።

ሐሙስ

— መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩበት። በጠርዙ በኩል ቢጫው ይታያል። ይብሳል።
— ሴትዮዋን መለጠፍ አልተቻለም።
— ቅዳሜ አዳማ፣ የአክስቴ ልጅ ኒካህ። አባባ፣ ልጄ ኢክራም፣ እኔ። በፈጣን መንገዱ።
— አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል ሄደው አያውቁም። እሺ ማለታቸው ራሱ ገርሞኛል።
— ኢክራም ፊት ካልተቀመጥኩ ብላ አልቅሳ እሺ አስባለችኝ። ፊት፣ በቀኝ በኩል። እሺ ካልኩ በኋላ ነው የማን ቦታ እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ዓርብ

ከቂሊንጦ ስመለስ መሪው ወደ ቀኝ ሳብ ሳብ አደረገኝ። መንገዱ ነው አልኩ። የኛ መንገድ መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል።

አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ ቤት አልገቡም። ፀሐይ ላይ መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። ይግቡ አልኳቸው። «እሱን ትቼ?» አሉ። ማንን ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ቅዳሜ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሁሉም ተዘጋጀ። ኢክራም በአዲሱ ቀሚሷ ፊት ተቀምጣለች፣ ቀበቶዋን አስራለች። ሴትዮዋ ንግግሯን አደረገች። አባባ በነጭ ጀለቢያቸው ወጡ፣ የፊት ቀኙን አንዴ መቱት፣ ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ። ጀርባቸውን ለጎማው ሰጥተው ተቀመጡ።

«አልሄድም። ልጅቷም አትሄድም።»

ለመንኳቸው። ጀለቢያዎ ይቆሽሻል አልኩ። ሙሽራዋ ትጠብቃለች አልኩ። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ያኔ አምስት ቀን ሙሉ የታመቀው ገንፍሎ ወጣ።

«አባባ! ጀማል ሞቷል! ይሄ የሱ መኪና አይደለም! ይሄ የሱ ጎማ አይደለም!»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ኢክራም ማልቀስ ጀመረች። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፣ እንደ ድሮው።

«ጀማል መሞቱን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኢክራምን አውርጄ ለሙራድ ደወልኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ አምኛቸው አይደለም። ጎማው ጤነኛ መሆኑን በመለኪያው አሳይቶልኝ ከመሬት እንዲያስነሳቸው ነው።

ሙራድ መጣ፣ «አባባ ይቅርታ» ብሎ አስነሳቸው፣ የፊት ቀኙን ለካ። መለኪያውን መዳፉ ላይ መታ መታ አድርጎ እንደገና ለካ።   መኪናዋን በክሪክ አንስቶ የሳሙና ውሃ አፈሰሰ። በውስጥ በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ምስማር። ዙሪያው አረፋ በአረፋ። ጎኑ ደግሞ እንቁላል አክሎ አብጧል።

«ዘሃራ፣ ይሄን ይዘሽ ፈጣን መንገድ ልትገቢ ነበር?»

ግን ስክሪኑ የኋላ ግራ ነው የሚለው! አልኩ። ግንባሩን በጥፊ መታ። «እኔው ነኝ! የኋላ ግራውን ወደ ፊት ቀኝ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአየር መለኪያው ጎማው ውስጥ ነው፣ አብሮት ይዞራል፤ መኪናዋ መዛወሩን በምን ታውቃለች? ጎማውን እንጂ ቦታውን አላወቀችም!»

ለካ ሴትዮዋ አልዋሸችም። የታመመውን ጎማ በድሮ ቦታው ነው የጠራችው። እኔ ጤነኛውን ባስነፋሁ ቁጥር፣ ስክሪኑ ላይ የፊት ቀኙ ቁጥር ይጨምር ነበር። ያንን ነው ፎቶ አንስቼ ለአባባ ያሳየሁት። አራት ሰው ጭኜ ቂሊንጦ የተመላለስኩት በዚህ ጎማ ነው። ልጄን ያስቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።

ሙራድ ጎማውን ቀየረው፣ የሁሉንም ጎማ አዲስ ቦታ ለመኪናዋ አስተዋወቀ። መብራቱ ጠፋ። አዳማ አልሄድንም።

የአባባን እግር ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። «ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አሉ።

እሁድ

ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ያን ቀንም ሰምቼው ነበር።»



«አዋሽ ላይ መታሁት፣ ድፍን አለ። ጀማል መታውና፣ አባባ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እንሂድ አለኝ። ልጅ ነው፣ ጆሮው ከኔ ይሻላል አልኩ። ነዳሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት። ይሄን ተሸክመው ነው ከኛ ጋር የበሉት፣ የሰገዱት፣ ዝም ያሉት። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም ልል ነበር። ግን እኔም ረቡዕ ሊነጋ ሲል ያንን ድፍን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው መጋረጃውን የዘጋሁት። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ከዚያ ከዘራውን ሰጡኝ። «ምቺው» አሉ። ዞሬ አራቱንም መታሁ። አራቱም ጮኹ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ በሩ እያዩ፣ «ጀማል ገባ?» አሉ። ዛሬ ውሃ ላምጣ ብዬ አልተነሳሁም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው በሩን አየሁ።

ከሰዓት ኢክራምን ሳሪስ ጓደኛዋ ቤት ላደርሳት መኪናዋን አስነሳሁ። ፕላስተሩን ላጥኩት። ቢጫ የለም። ሴትዮዋም ዝም አለች። ዝምታዋን አላመንኩትም። ወረድኩና የፊት ቀኙን አንዴ ደግሜ መታሁት።