ሁለት ጊዜ የተሸኙት መምህር ናራሃሪ

መምህር ናራሃሪ ጆሺ ከአባታቸው ከቢንዱማዳቫ ጆሺና ከእናታቸው ከአምባባይ በቱንጋባድራ ወንዝ ዳር በምትገኘው በካሬካል መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ ቤተ መቅደስ ካህን ነበሩ። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃል ያስጠኗቸው ጀመር፤ አንድ ቃል ሲስቱ ራት ሳይቀርብ መቶ ጊዜ ያስደግሟቸው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ታናሽ ወንድማቸው ሸሻድሪ፣ ኋላ ተወልዶ ከፍ ሲል የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

በከተማ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1953 የመንደራችን ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በ1955 ከወይዘሮ ሱማቲባይ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቻያ የተባለች አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በዚያ ዘመን ከመንደሩ ውጭ የሚኖሩት ቆዳ ፋቂዎችና ከበሮ መቺዎች፣ ንክኪያቸው ያረክሳል ብለን «አይነኬ» የምንላቸው ወገኖቻችን፣ ቤተ መቅደስ አይገቡም ነበር። ሕጉ ቢፈቅድላቸውም ቁልፉን የያዙት አባታችን አልፈቀዱም። መምህር ናራሃሪ ግን በሰው ሁሉ ውስጥ ያለችው ነፍስ አንዲት ናት የሚለውን፣ ከገዛ አባታቸው አፍ የተማሩትን ቃል ይዘው ተነሡ። በ1958 አርባ ሰዎች አስከትለው ገቡ። አባታችን የመቅደሱን መብራት አጥፍተው ወጡ። ከከተማ የመጡ የለውጥ ማኅበር ሰዎች ለመምህሩ የአበባ ጉንጉን አጠለቁላቸው፤ አብዮት ማለት ይህ ነው ተባለ፤ ጋዜጠኛም መጥቶ ጻፈ።

የዚያኑ ዕለት ባሏ የሞተባት ቆዳ ፋቂ ዱርጋቫ ቤቷ ጋበዘቻቸው። የዳጉሳ ገንፎ በቅጠል ወጥ ስታቀርብላቸው ጾመኛ ነኝ ብለው ተነሡ። ከቤቷ እንደወጡ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ከርኩሰት ያነጻል የሚባለውን ጸሎት እያነበነቡ ሦስት ጊዜ ተነከሩ። ቀና ሲሉ ዱርጋቫ ቆዳ ልታጥብ ወርዳ ከበታቻቸው ቆማለች።

«መምህር፣» አለቻቸው፣ «እኛ ቤት የመጡት ለእኛ ብለው ነው ወይስ ለጋዜጣው?»

ከወንዙ ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው እንደሚያስታውሱት ሦስት ቀን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። በአራተኛው ቀን የድል ስብሰባ ተጠርቶ ነበርና ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ ተነሥተው፣ «ጾመኛ አልነበርኩም። ዋሽቼ ወጣሁ፤ ከዚያም ከእናንተ ልነጻ ታጠብኩ። እኔ እናንተን ልመራ አልችልም» አሉ። የማኅበሩ ሰዎች «ትግሉን በአደባባይ አዋረዱብን፤ የአንድ ሰው የጓዳ ነውር ለሕዝብ አይነገርም» ብለው ተቆጧቸው። እሳቸውም ራሱን ያልገዛ ሰው የሚያመጣው ለውጥ ጌታ ከመቀየር አያልፍም ብለው የአበባውን ጉንጉን መለሱላቸው። መሪነቱን ለዱርጋቫ ለቀው፣ ልታስተምራቸው ለመኗት።

«ትምህርቱን ኋላ እናየዋለን፤ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይብሉ» አለቻቸው።

በሉ። ከደጅ ሳይርቁም አስመለሳቸው። ከዚያ ያፈሩበት ቀን እንደሌለ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ቢሆንም በየሳምንቱ ዓርብ ይመለሱ ነበር፤ ሆዳቸው እሺ ያለው የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ነው።

አባታችን ይህን እንደሰሙ በ1959 ልጃቸውን በቁማቸው ሞተዋል ብለው ተዝካራቸውን አወጡ። እንደ ሥርዓቱ ሟቹ ከቤተሰቡ መለየቱን የሚያሳየውን የውኃ ማሰሮ ተሸክሞ የሰበረው ሸሻድሪ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የተዝካሩንም ጣፋጭ ደግሞ በላ። አባታችን በ1966 ሲያርፉ መምህሩ እንደ በኩር ልጅ አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እሳት ሊለኩሱ መጡ። ከፊታቸው ቆሞ «የሞተ ሰው እሳት አይለኩስም» ያላቸው ሌላ ማንም አይደለም፤ ይኸው ሸሻድሪ ነው። መምህር ናራሃሪ ከሩቅ ቆመው ጭሱ እስኪሳሳ ጠብቀው ተመለሱ።

በ1972 ድርቅ ሆነ። ከቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ጉድጓድ በቀር የመንደሩ ጉድጓዶች በሙሉ ደረቁ። የእኛ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው እዚያ ተሰለፉ። የዱርጋቫ ልጅ ሁሊገፓና ጓደኞቹ ግን ዱላ ይዘው ከለከሉ፤ አያቶቻችን በእናንተ ጉድጓድ ዳር በጥም ሲወድቁ የት ነበራችሁ አሉ። ፍርዱን መምህሩ ይስጡን ሲባል መምህሩ በዚህ ነገር ለመናገር አፍ የለኝም ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዱርጋቫ ልጇን ገፍታ አለፈችና ገመዱን ያዘች።

«ብንከለክላቸው እኮ ቦታ ተለዋወጥን እንጂ ምን ለወጥን?» አለች። «ይቅዱ።»

ዱላዎቹ ወረዱ። መምህር ናራሃሪ አብዮትን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አንድም መፈክር አልሰማሁም ይሉ ነበር። ሸሻድሪም ከዚያ ውኃ ቤቱን ዘግቶ ጠጣ። ዝናብ ሲመጣ ግን አልጠጣሁም ብሎ ለጎረቤት ማለ።

መምህር ናራሃሪ የሁለቱንም ሰፈር ልጆች በአንድ ምንጣፍ አስቀምጠው ሲያስተምሩ ቆይተው በ1989 ጡረታ ወጡ። በመጨረሻ ዘመናቸው በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ማቀቁ። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት እኔ ሸሻድሪ ከአርባ ዓመት በኋላ ደጃቸውን ረገጥኩ። ተቀምጬ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ብዙ አወራሁ። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ እጄን ያዙ።

«ሸሻ፣ ሌላ የምትለው አለህ» አሉኝ። «በል፤ አለሁ።»

እኔ ግን ደክሞዎታል፣ ይረፉ ብዬ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

መምህር ናራሃሪ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው የካቲት 11 ቀን 2003 ዐረፉ። እሳቱን የለኮሱት ልጃቸው ቻያ ናቸው። በሕይወት የተዉዋቸው ባለቤታቸው ሱማቲባይ፣ ልጃቸው ቻያ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ በኑዛዜያቸው «እኅቴ» ብለው ያስጻፏቸው ወይዘሮ ዱርጋቫ ከነቤተሰባቸው፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ናቸው።

ያ ወንድም ያን ቀን ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረበት። አለሁ እያሉት አላለም። ዛሬ ባረፉ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ለመታሰቢያቸው በተሰበሰባችሁት በእናንተ ፊት፣ ለማይሰሙት ይላል።

ነፍሳቸውን ከመወለድና ከመሞት ድካም ያሳርፍልን። ለእኛም ሰው በሕይወት ሳለ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን።